ጭማሪ

ጧት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከፈረቃ በፊት፣
ዳቶ ጤና ጣቢያ፣ ከሚዛኑ ፊት።
ሲስተር እታገኝ ናት፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
መዝገቧን ገልጣ፣ ቁጥሬን ፈላልጋ።
መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ወጣ፣ ወረደ፣
ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ በረደ።

"ሁለት ክኒን" አለች፣ "እዚሁ ዋጪልኝ።"
ጉሮሮዬን እያየች ውሃ ቀዳችልኝ።
"ቁርስ በልተሻል?"
"በልቻለሁ" አልኩኝ። ሻይ ነበር የበላሁ።
ሻይ እንደማይበላ እኔም አውቃለሁ።

ቲቢ ሲገባብኝ ረሃቤን ሰርቆ ነው፤
ክኒኑ ደግሞ ረሃቤን መላሽ ነው።
ማን ነገረኝ ታዲያ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ሆዴ እንደሚያንኳኳ፣ አምሽቶ እንደ መጣ ተከራይ፣
በሩ እንደ ተቆለፈበት?

ከደሞዜ ግማሹ ቦርቻ ይሄዳል፣
ታናሽ ወንድሜ አለ፣ ደብተር ይፈልጋል።
አራት ነን በአንድ ክፍል፤ ኪራይ አለ፣ ዘይት አለ፣ ሳሙና አለ።
ከዚያ የሚተርፈው የጨርቅ ቅዳጅ ነው፣
ኮሌታ አይወጣው፣ እንኳን ሸሚዝ ልንለው።

ሲስተር የሰጠችኝ የለውዝ ቅባት፣ በጥቁር ፌስታል፣
አሥራ አራት ፍሬ። ያፌት፣ የአከራዬ ልጅ፣ ደጅ ላይ ይጠብቃል።
ጠርዙን በጥርሱ ቀዶ፣ ጣቱን እየላሰ
"ነገም አለ?" ቢለኝ አንጀቴ ተላወሰ።
ለሱ ሰባት፣ ለኔ ሰባት። ሰው ሲያየኝ ቸር ነኝ።
ሚዛን ግን የሱቅ ደብተር ነው፣ ዕዳዬን ያዘብኝ።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ዘዴ ዘየድኩ፣
የቤቱን ጓጉንቸር ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ።
መርፌው አርባን ነካ። ደስ አለኝ እንደ ልጅ።
ሲስተር ኪሴን ዳሰሰችው፣ በቀዝቃዛ እጅ።

"ስሚኝ። ብረት ሚዛን ያታልላል፣ ሳንባን አያታልልም።
ክኒን ገበሬ ነው፣ ያለ በሬ አያርስም።
በሬው የምትበዪው ነው፤ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ጎመን፣
ሐይቅ ዳር ተቀምጠሽ፣ ዓሣ አጣሁ ብትዪኝ ልመን?"

አንገቴን ደፋሁ። በሆዴ ግን መለስኩላት፦
ሲስተር፣ በሬም እኮ በብር ነው።

ያን ቀን ቤታችን ሳይቆለፍ ዋለ።
ኤፍራታ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ በሩ ገርበብ እንዳለ።
"ጓጉንቸሩ የት ነው?" ብትለኝ ነገርኳት፤
ጓጉንቸሩን ብቻ አይደለም፣ ሳንባዬን አሳየኋት።

ዝም አለች። ብርጭቆዋን ከብርጭቆዬ ለየች።
በብርጭቆ አይተላለፍም ልላት አልኩ፣ ተውኩት።
ግድግዳውን አቅፌ ተኛሁ።

በማግስቱ ከአሞራ ገደል መጣች፣
በፌስታል አምስት የዓሣ ራስ፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ፣
ገዢ ያልፈለገው፣ ከአሞራ ያመለጠ።
ቃሪያ ከተፈች፣ ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች፣
ጭሱም ሳልሽም ይውጣ ብላ መስኮቱን በረገደች።
ብርጭቆዬ ለብቻው፣ ድስቱ ግን የጋራ፤
አራታችን በላን፣ በቆጮ፣ እሾህ እየተፋን፣
ስለ ሱፐርቫይዘሩ ስናወራ።

እንዲህ ነው የሆነው። ተአምር የለበትም።
አንዳንድ ቀን ዓሣ አለ፤ አንዳንድ ቀን የለም፣
የለም በሚባልበት ቀን ባቄላ አይጠፋም።
ያፌት አሁንም ደጅ ላይ ነው። አንድ ሰጥቼው አልፋለሁ፣
ስድስቱን እየቆጠርኩ እበላለሁ። ያመኛል፣ ግን እበላለሁ።

ዛሬ ሲስተር ከልማዷ ኪሴን ዳሰሰች፤
ሎሚ ነው ያገኘችው። ሎሚውን አሽትታ መለሰች።
መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ አርባ ሁለት ላይ ቆመ።
"ኪሎሽ ጨምሯል፤ ከዛሬ ሦስት ክኒን ነው።"

ሦስት!
ሌላ ሰው ቢሆን መድኃኒት ሲበዛበት ያዝናል።
እኔ ሁለት ዓመት ኮሌታ ስሰፋ፣
ጭማሪ ስጠይቅ "ይታያል" ስባል፣ ስጠብቅ፣ ስለፋ፣
ፋብሪካው የነፈገኝን
ይህ ዝገታም ሚዛን ሰጠኝ።

ሦስቱንም በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኳቸው።
"ቁርስ በልተሻል?"
"በልቻለሁ፣ ሲስተር።
ምስክር ከፈለግሽ፣
ጥርሴ መሃል አንድ እሾህ አለ።"