የገመዱ ሌላ ጫፍ

ቢቸና፣ መሬት ቢሮ፣ ከዕቃ ቤቱ ጓዳ፣
አሮጌ ገመድ አየሁ፣ ምስማር ላይ፣ ግድግዳ።
ቃጫ ነው? ጠፍር ነው? ማን ገመደው? መቼ?
ብዬ ጠየቅኋቸው ደብተሬን አውጥቼ።

አያ አንለይ ዘበኛው፣ ሰማንያን ያለፉ፣
ሳቁና፣ “መጀመሪያ፣ ስንት ነው ጫፉ?”
“ሁለት።” “እሺ፤ አንዱን ቀያሽ ያዘው እንበል፤
ሌላውን ጫፍ ከእጁ ማነው የሚቀበል?”

እኔ ግን የመጣሁት ሌላ ልጠይቅ ነው።
በንጉሡ ጊዜ፣ ግብር ይተመን ሲባል፣
ጠመንጃ ተይዞ ከገደል ሲዋል፣
ቀላድ አላለፈም ይላሉ በዚህ ቀዬ፤
ታዲያ ይህን ቋጠሮ ማን ቋጠረው? ብዬ።

ቋጠሮው በደርግ ነው፤ ማኅበር ሲደራጅ፣
መሬት ለአራሹ ተብሎ ሲታወጅ፣
ተበጠሰ፣ ታሰረ፣ ክንድ ያህል አጠረ፤
በየእርሻው ጥግ ላይ ክንድ ክንዱ ቀረ።
ክንድ መሬት ስንት ጤፍ፣ ስንት ጎታ ወለደ?
የማን ልጅ እራት ነው በቋጠሮ የሄደ?

ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ያው ገመድ ተመዞ፣
“ቢሮክራሲ” የሚል አዲስ ስም ተይዞ፣
ይስማው ቢተው፣ የትናንቱ ሊቀመንበር፣
አራት ጥማድ ቀርቶት ሲቆም ከድንበር፣
ያን ቃል ሲሰማ ምን መሰለው?
የበሽታ ስም? የዛር?
እነማይ ድረስስ በማን በቅሎ መጣ?

ሽታዬ ደግሞ አለች፣ ባሏ የሞተባት፣
መዝገብ የዘለላት፣
ገመዱ ሲተኛ ተነስታ በሌሊት
የድንበር ድንጋዩን ሁለት ክንድ የገፋች።
ይህስ ታሪክ ነው ወይ? ወይስ ሌብነት ነው?
ደብተሬ ሁለት ዓምድ አለው፤ የቱ ላይ ልጻፈው?

ዛሬ ሳተላይት ነው፤ ደብተሩም አረንጓዴ፤
ገመድ ጡረታ ወጣ። ያ ጫፍስ ጠፋ እንዴ?

አያ አንለይ ቁልፋቸውን እያሻሹ፣
“ቀያሹ እንግዳ ነው፤ አያውቅም መንደሩን፤
የሚያሳየው ይሻል ዳሩን፣ ድንበሩን።
ገመድ ያለ ዘመድ አንድ ጋት አይራመድ።
‘ቀላድ አላለፈም’ ይሉሃል፤ በቀን ነው፤
ሌሊቱን የሚያውቀው ጫፍ የያዘው ሰው ነው።”

“ማን?” አልኩ። ዘረጉልኝ ግራ መዳፋቸውን፣
ገመድ የፈተገው አሮጌ ጠባሳቸውን።
“ይህ የኔ ነው” አሉኝ፤ “ከኔ በፊት፣ ልጄ፣
አያትህ ነው የያዘው። እሱ ሰጠኝ በእጄ።”

ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ዕቃ ቤት ተቆለፈ።
የሞጣው አውቶቡስ ጥሩንባ ነፍቶ አለፈ።
እምቢ ቢልስ ኖሮ፣ ማን ይይዘው ነበር?
ይህን ብቻ ጻፍኩኝ፣ ከስሩ ሳላሰምር።