ጥያቄ ቁጥር ሰባት

በቦሊቪያ ደጋ፣ ጨው ባነጣው ሜዳ፣
ጀልባ ተደፍቶበት እንደ ባዶ ገንዳ፣
ባንዲት የጭቃ ክፍል ዘጠኝ ልጆች አሉ፤
ጥያቄ ቁጥር ሰባት ጮኸው ያነባሉ፦
«አጥማጁ ከሐይቁ አርባ ዓሣ ቢይዝ፣
ስምንቱን ለገበያ በጀርባው ቢያግዝ፣
ስንት ይቀረዋል?»
መልሱ አስቀድሞ ታትሟል
ከመጽሐፉ ጀርባ፤ ሠላሳ ሁለት፤ ሁሉም ያውቀዋል።
ኤፍራይን ግን ቆመ፤ እጁን ሳያወጣ
«መምህርት፣» አለ፣ «ዓሣው ከየት ሐይቅ መጣ?»

ማንም አልሳቀም።
የአባቱ መረብ የበግ በረት አጥር ሆኗል።

ኤውላልያ ቾኬ ጠመኔዋን ይዛ
ዝም አለች። መሳቢያዋ የከተማ ቅጽ አለው፣
«የትምህርት ዓላማ» የሚል፣ ሦስት ሳምንት የከረመው፤
«ብቁ ዜጋ» ጽፋ፣ አንብባ፣ ሰርዛ፣
«ተወዳዳሪ» ብላ ያንንም ደልዛ።
(ለምን ይወዳደር? ለየትኛው ዓሣ?)
መጽሐፉን ዘጋችው።
«ኤፍራይን፣ ያንን ገመድ ይዘህ ተነሣ።»

ከድሮው የወደብ ግንድ እስከ እርጥቡ ጭቃ
ለኩት፤ ደግመው ለኩት፤ ማንም አላለም በቃ።
ነፋሱ ከንፈራቸውን በጨው ሰነጠቀው።
ስድስት መቶ አሥር ርምጃ። ናይራ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።
«ውኃውን ማን ወሰደው?» ቀና ብላ አለች፤
መምህርቷ «አላውቅም» ብላ አጠገቧ ተንበረከከች።
«እሱንም ጻፊው። ነገ እንጠይቃለን።»

ማታ ያ ቅጽ ተሞላ፣ በጭቃ ጣት ታሽቶ፦
«ልጅ ሲጠይቅ መጽሐፉን መዝጋት፤ አብሮ ወጥቶ
መለካት።»
ከዚያ በታች ምንም አልጻፈችም።
ማኅተም በሚያርፍበት
ትንሽ ጨው ቀርቷል።