በአካል ይቅረቡ

የአርባህ ድንኳን ገና ሳይነቀል ከደጅ፣
ወረቀት መጣልህ በወረዳው ልጅ እጅ፣
ቱሉ ዲምቱ ድረስ።
«ለይግባኝ ባይ ሃምሳ አለቃ ሽብሩ ጎንፋ፤
የጉዳትዎ መጠን ዳግም እንዲጣራ
ሐሙስ ሦስት ሰዓት በአካል ይቅረቡ።»

በአካል!
እግርህ ቀድሞ ሄዶ አፋቤት ተቀብሯል፤
የቀረው ሰውነትህ ገብርኤል ጓሮ አርፏል።
«አርባ በመቶ ነው» ብለው የለኩት ጉድለት
ሞላ እኮ ጌቶቼ፣ መቶ ሆነ በድንገት።

ሐሙስ ክራንችህን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።
ጎኔ ተቀመጠ፤ ተነሥ ያለው የለም፤
አንተ በቁምህ ያን ወንበር አግኝተኸው አታውቅም።

ጸሐፊዋ አየችኝ፤ አየችው ክራንቹን፤
«ባለጉዳዩ የለም» ስትል ዘጋች መዝገቡን።
«ወራሽ ነኝ ካሉ ግን… እንደ አዲስ ያመልክቱ።»

ሰባት ዓመት ደጅ ጥናት። እንደ አዲስ።
ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ
ተሰለፍኩ።