አሥራ አራት ከመቶ

ከቦርከና ማዶ፣ ከጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ፣
ጥጥ ያድርበት ነበር፤ ዛሬ ጥያቄ ነው ቀን ከሌት የሚገባ።
አሥር መደርደሪያ፣ ዘጠና ኮምፒውተር፣
እንደ ንብ ቀፎ ሆድ ሲያጉረመርም ሲያድር፤
ኮምቦልቻ በሐሩር ስትገላበጥ
እኛ በቧንቧ ውኃ ብርድ ስናማምጥ።
ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ ጦይባ የአልዩ ልጅ፣
ቁልፉ ከወገቤ፣ ጆሮዬ ከደጅ፤
ጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ ሊያልቅበት ሲል
እንደ ታመመ ግመል ከጓሮ ሲያስል።

እናቴ እዚሁ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት
ፈታይ ነበረች፤ ክር ሲበጠስባት
በሁለት ጣቷ ጫፍ፣ ሳታቆም ማሽኑን፣
ትቀጥለው ነበር፤ እኔም ወረስኩ ያንን።
የኔ ክር አይታይም፣
ሺህ ሆኖ ቢሮጥም ከጥጥ አይፈተልም፤
አንዱ ቢበጠስም፣ አንድ ዲስክ ቢታመም፣
ሥራው አይቆምም፤
ጎረቤቱ ማሽን የሟቹን ድርሻ ይወስዳል፣
ቀይ መብራት ይበራል፣
እኔም በመፍቻዬ እንደ ጥርስ ነቅዬ፣
አዲሱን ተክዬ፣
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ወንበሬ ላይ ነኝ።

ሰው የሚመስለው አንድ ትልቅ ራስ
ተቀምጦ ያውቃል፣ ጥያቄ ሲደርስ።
አይደለም።
ጥያቄው ሲመጣ መጀመሪያ ይበለታል፣
ስሙ ካንድ ወገን፣ ግሱ ካንድ ወገን፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ ይደረጋል፤
«ማን» ያለው ወደ ሰው፣ «የት» ያለው ወደ ቦታ፣
«ለምን» ያለውማ ያስቸግራል ላፍታ።
ከዚያ ዘጠናዎቹ ይበተናሉ በየፊናቸው፣
የግብርና ሰነድ፣ የጋዜጣ ክምር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሊያገላብጡ ነው፤
መቶ መልስ ይዘው ይመጣሉ፤ መቶውም ይምላል፣
አንድ ሌላ ፕሮግራም፣ እንደ አጥቢያ ዳኛ፣
«ምስክርህ ማነው?» ይላል።
ምስክር ተቆጥሮ፣ ተመዝኖ፣ ተነጥሮ፣
አንዱ ብቻ ይቀራል፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር አሥሮ፦
ሰማንያ ዘጠኝ ከመቶ፣
ዘጠና ሁለት ከመቶ።
ከሃምሳ ካነሰ ዝም ነው፣ አፍ ዘግቶ።
ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ
ምራቄን ውጬ አልጨረስኩም።

ታኅሣሥ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ከመርሳ በኩል የስልክ መልእክት።
የማሽላ አቀንጭራ መሰለኝ እንደ ወትሮው፣
ወይ የአውቶቡስ ታሪፍ። አልነበረም።

«ወንድሜ ሙሄ ይመር
ጤፍ ሊሸጥ ሐራ ወረደ፤
በቅሎዋ ተመለሰች።
እሱ በየት ሄደ?»

ማራገቢያዎቹ ባንድ ጊዜ ጮኹ።
ሙቀቱ አራት ዲግሪ ወጣ።
ዘጠና ማሽን ለአንድ ሙሄ ሲባዝን
እጄን በብረቱ ላይ አኖርኩ፤
የሚጨነቅ ሰው ግንባር ይመስላል ልል ነበር፣
አልልም፤ ሽቦ ውስጥ መብራት ሲያልፍ ይሞቃል፣
ብረት አይጨነቅም።
መቶ መልስ መጣ፦
አንዱ ሙሄ ባቲ፣ ግመል ነጋዴ፤
አንዱ ሙሄ በመሬት ክርክር ተከሳሽ፤
አንዱ ትናንት የተወለደ፣
ገና ክትባቱን ያልጨረሰ።
ምስክር ግን ከበቅሎዋ በቀር የቀረበ የለም።
አሥራ አራት ከመቶ።
ደንቡ ደንብ ነው። ስክሪኑ ባዶ።

ልጆች ሳለን፣ እንቆቅልሽ ያቃተው
«አገር ስጠኝ» ሲባል ይሰጥ ነበር፤
ደሴን ይሰጣል፣ ሐይቅን ይሰጣል፣
ረግጦት የማያውቀውን ወልዲያን ይሰጣል፣
ተሸንፎም ቢሆን ባዶ እጁን አይለይም።
ይህ ማሽን የሚሰጠው አገር የለውም።

ደንብ ጥሼ በገዛ ጣቴ ጻፍኩ፦
«እዚህ ያለነው አናውቅም።
ቁጥርዎን ይዣለሁ።
ጠዋት ከተራ ስወጣ ወደ ሐራ የሚሄድ መኪና አለ፤
ሹፌሩን አውቀዋለሁ። የበቅሎዋ መልክ ምን ነበር?»

መዝገቡ ላይም እንዲህ አሰፈርኩ፦
ስምንት ሰዓት ከሩብ። ሙቀት ሃያ ሰባት።
አንድ ዲስክ ተቀየረ።
አንድ ጥያቄ ክፍት ነው።