ለዘጠኙ

ሐኪሟ የቀን መቁጠሪያውን ወደ እኔ አዞረች፣
በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ሰኞን ከበበች።
«ኬሞው እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ አሥራ ሁለት ቀን አለሽ።
ወደፊት መውለድ ትፈልጊያለሽ?» አለች፤
ስኳር ትጨምሪያለሽ እንደማለት አቀለለች።

ስለ ጡቴ ልጠይቅ ነበር አመጣጤ፤
ስለ ኪራይ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ መመለጤ።
ልጅ? ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ባልም የለኝ፣
የወደድሁት ከተለየኝ ሁለት ክረምት ሆነኝ።
የዊኒፔግ ክረምት ደግሞ የዝናብ አይደለም፤
ዘር አያበቅልም፣
ይዞ ያቆያል እንጂ።
«አዎ» አልሁ።
ድምፄን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

መርፌዎቹን ፍሪጅ ውስጥ ከሰናፍጩ ጎን ደረደርሁ፤
ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሶፋው ላይ ተንጋለልሁ።
ደባሌ ትርንጎ
የሆዴን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ትይዛለች፤
ቀኑን ሙሉ አሥራ ስምንት ሜትር አውቶቡስ በበረዶ ላይ ስትነዳ የዋለች
ሴት፣ መርፌ ስታይ ዓይኗን ትጨፍናለች።
«ግለጪው እንጂ!»
«ስገልጠው ያዞረኛል፤ ዝም ብለሽ ምሪኝ፣ ግራ በዪኝ፣ ቀኝ።»
የላይኛው ጎረቤት ከሳቃችን ብዛት ወለሉን ደበደበብን።

የመድኃኒቱን ሂሳብ ያየሁ ዕለት ግን ሳቅ የለም።
የእቁብ ተራዬ ሐምሌ፣ ወሩ ገና ጥር።
ለሰብሳቢያችን ለጋሽ ይነሡ ደወልሁ፤
«ቸግሮኝ ነው» አልሁ።
ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤
«እስከ ማታ ታገሺኝ» ብሎ ዘጋ።
ማታ ገንዘቡ መጣ፤ የማን ዕጣ እንደነበር አልነገረኝም።
ኋላ ከትርንጎ ሰማሁ፦
ካምቢዮው የተሰበረ መኪና ያለው ሰው ነው፣
ለማሠሪያው የጠበቃት ዕጣ ናት።
አሁን ከሌሊት ፈረቃ፣ አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት፣
ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ነው የሚገባ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ስሙን እሷም አልነገረችኝም።

እናቴ የደወለችው ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተራ ስጠብቅ ነው።
አልነገርኋትም። እሷ የምታወራው ስለ ትዳር፦
«አትቸኩዪ ልጄ፣
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»
አፌን በሻርፔ አፈንሁ።
ያን ሳምንት እናንተ በአልትራሳውንዱ ላይ፣
ጥቁር ጥቁር፣ እንደ ወይን ፍሬ፣
እየተጣደፋችሁ ታብጡ ነበር፤
ቀስ የሚል ማንም አልነበረም በዚያ ክፍል።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ብትሞቺስ?
ከሥሩ ሦስት ባዶ ሣጥን፤
ይጣሉ፣ ለምርምር ይሰጡ፣ ለሌላ ሰው ይተላለፉ።
እስክሪብቶው ያለቀ መስሎኝ ወረቀቱ ጥግ ላይ ሞከርሁት፤
ይጽፋል።
የትኛውን እንደሞላሁ አልነግራችሁም።

ስነቃ ነርሷ በእጄ ጀርባ ላይ አሥራ አራት ብላ ጽፋለች።
በማግስቱ ስልክ፦ የበሰሉት ዘጠኝ ናቸው።
ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት
አንዱን ግባ በለው አለ፣ ይባላል ባገራችን።
እኔም ዘጠኝ መጡ ቢሉኝ
አንዳችሁን ግቡ እላለሁ፣
አንዳችሁን ብቻ፣ አንድ ቀን።
ልጆቼ ብዬ አልጠራችሁም፤
ሐኪሟ ራሷ «ዋስትና አይደለም» ብላኛለች።
ብቻ ተኙ፣
መቶ ዘጠና ስድስት ከዜሮ በታች፤
የእኔ ከተማ ብርድ ለእናንተ ሐሩር ነው።

ሰኞ ማለዳ ሆስፒታሉ ድረስ በእግሬ ልሂድ አልሁ።
ሌሊት የጣለው በረዶ ድልድዩ ላይ አልተጠረገም፤
ቀድሞኝ የተሻገረ ሰው ግን አለ፤
የትልቅ ቦቲ ዱካ፣ እኔ ወደመጣሁበት የሚያቀና።
ጫማዬን በዱካው ውስጥ እየከተትሁ፣
የእሱ ጣት ባረፈበት ተረከዜን እያሳረፍሁ፣
ቀስ እያልሁ ተሻገርሁ።