ያገባኛል

ሠላሳ ሦስት ዓመት ክሬን ላይ ተቀምጬ
ሣጥን ሳወርድ ኖርኩኝ ከመርከብ ላይ መርጬ፤
በጄኖቫ ወደብ የታቹን ሰው ሩጫ
ከላይ ሆኜ ሳየው፣ ማን እንዳገኘ መውጫ
ማን እንደታፈነ፣ ወዲያው ነው የሚገባኝ።
ኳስም ያው ጭነት ነው፤ ቀድሞ ያላየ ማረፊያውን
ባሕር ውስጥ ይከተዋል የሰው አደራውን።

እና ያ ማልቬዚ፣ የሚላኑ ሊቅ፣
ጫማው ከጠረጴዛው በልጦ የሚያንጸባርቅ፣
ቀስት እየሣለ በመስታወት ሰሌዳ
ስለ ልጃችን ሲያወራ እንደ ሩቅ ባዳ፦
«አሥራ አንድ ጨዋታ፣ ብራስኪ አላገባም፤
ቁጥር ይናገራል፣ ደጋፊን አያገባውም!»

በኤርሲሊያ ቡና ቤት ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ፤
ከስክሪኑ ፊት ለፊት እንደ መስመር ዳኛ ቆምኩ።
ብራስኪ ባያገባም፣ እኔን ያገባኛል!
ኳስ መረብ ባይገባ፣ ዝናብ ጫማዬ ይገባል፤
አንተን መቼ ነክቶህ ያውቃል? ጣሪያህ መብራት ብቻ፣
ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና፣ እስከ ዘመን መቋጫ።

«የሚጠበቅ ጎል» ይላል፣ በነጥብ አስልቶ፤
ማነው የጠበቀው? እሱ? ስቱዲዮ ገብቶ?
እኔ ነኝ የጠበቅሁ፣ ሁለት ጊዜ ስንወርድ፣
ኦታቪዮ ከጎኔ በሳል ብዛት ሲርድ።
እሱም በኅዳር ሞተ። ወንበሩ አልተሸጠም፤
ልጁ ኖሬታ ወረሰችው፤ እሷ ግን አትቀመጥም።

አጥቂ ምን እንደሆነ እኔ ልንገርህ፦
አጥቂ ማለት ሌባ ነው፣ የሚያደባ ካጥር ሥር፤
ሰማንያ ስምንት ደቂቃ እሰድበዋለሁ እስከ ዘር፤
በሰማንያ ዘጠነኛው በጫማው ጫፍ ሲነካ
ስድብ ያልኩት ነገር ምርቃት ኖሯል ለካ።
ሌላም ኮከብ አለ፣ ፍራሽ የሚያስተዋውቅ፤
ሜዳ ላይ ሲዘረር፣ ሥራ ላይ መሆኑን ነው የማውቅ።

ድርቁ አለፈና ዘጠኝ አከታተለ፤
ማልቬዚም ቀስቱን አዙሮ «እኔ ብያለሁ» አለ።
በጥር ግን ብራስኪ ለባለጸጎች ተሸጠ፤
ያርማችንን ክር ስሞ፣ ደግሞ ስሞ፣ አመለጠ።
ዋጋውን ስሰማ በልቤ መዘንኩት፤
ያን ያህል ባነሣ ኖሮ ገመዴን በበጠስኩት።

በሚያዝያ ተመለሰ፣ የሰው ማሊያ ለብሶ።
ሰባ አራተኛ ደቂቃ። ተከላካያችን አንቀላፍቷል፣
በረኛው ወጥቷል፣ መመለስም አልቻለ፤
ከበስተጀርባ መጣ፣ እኔ ያየሁት ክፍተት ውስጥ ገባ፣
አገባ።

ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አንገቱን ደፋ፤
እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ ፊቱን አከፋ።
ሕዝቡም አጨበጨበ። «ጨዋ ልጅ!» አሉት ሁሉም፤
እኔ ብድግ አልኩና፣ እጄን አላጨበጨብኩም፦
«ጨፍር እንጂ ብራስኪ! ማን ሞቶ ነው ያጎነበስክ?
ምን ላድርገው ብለህ ነው ቁስሌን አዝነህ የዳበስክ?
ሌባ የሰረቀውን ደስ ብሎት ይበላል፤
ይቅርታ እየጠየቀ ኪስ ውስጥ ማን ይገባል?
ያቺን ጎል እኮ እኔም ካንተ ቀድሜ አይቻታለሁ!
በደስታህ ልናደድበት፤ እሱን እችላለሁ።»

ኖሬታ ክንዴን ሳበች፦ «ተው፣ ሰው እያየ፣ ምን አገባህ?»
ምን አገባህ ትለኛለች፣ ያባቷን ወንበር ይዛ!
ቆማ ነው የምትለኝ፣ ሻርፗ በንባ ወዝቶ።

ማታ ማልቬዚ ስለ ክብር አወራ፣
«ይህ ነው ስፖርት» እያለ፣ ዘገምተኛ ምስል ደጋግሞ እያሳየ፤
ኤርሲሊያን አጥፊው አልኳት። አጠፋችው።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ቴሌቪዥኑ ያላየው።
ሲቀየር፣ ወደ መውጫው ሲሄድ፣ ቀና አለ፣
ወደኛ ረድፍ፣ ወደ ሁለቱ ወንበሮች፤
ሳቀ። በጥርሱ ሳቀ፣ እንደ ድሮው ሌባ።
ኖሬታ አልሳቀም ትላለች፣ ፀሐይ ነው ፊቱን ያጨማደደው።
ሳቀ እንጂ።
ከላይ ሲያይ የኖረ ማን ሆነና።