ዘጠኝ ጥንድ ክር

መርሳን አለፍ ብዬ ግራናን ስወርድ፣
ከፊሉ ብርቱካን፣ ከፊሉ ደረቅ ግንድ።
አባ ሸጋው ቆመው መቀሴን አዩና፣
«ደሞ ልትቆርጪ ነው? ምን ቀረኝ?» አሉና፣
ዞር አሉ ወደ ቦይ፤ ውሃ የለም ገና።

«ቅጠል ነው» አልኋቸው፣ «ከያንዳንዱ ሦስት፤
ለፍርድ አይደለም፣ ለምስክርነት።»
ወረቀት ላይ ጻፍሁ የዛፎቹን ስም፣
ሳይጠሩ ያለፉት አንድ ዛፍ የለም፦
ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ባሕረ ሎሚ፣ ሎሚ፣
ትርንጎው፣ ሽበታም፣ ከሁሉ ቀዳሚ፣
አጥሩ ላይ መራራው፣ ፍየል የማይቀምሰው፣
እሾኹ ብቻ ለሰው ሥራ የጠቀመው።

«ይኽንን ተዪው» አሉ በከዘራ ጠቁመው፣
«ወፍ ዘራሽ፣ መናኛ፣ ዘር የሚባል የሌለው።
የኔ ዘር ያ ማዶ ጣፋጩ ነው፣ እዪው፣
አንድ ጠብታ እንኳ ባዕድ ያልነካው።»

እኔ ግን ከመናኛውም ሦስት ቅጠል ቀጠፍሁ፤
በረዶ ሣጥን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ከተትሁ።

ደሴ፣ ቤተ ሙከራ፣ መብራት በፈረቃ፣
ቅጠሉን ስፈጨው ጣቴ በብርድ ደርቃ፤
ከቱቦው ግርጌ ላይ፣ እንደ ሸረሪት ድር፣
ነጭ ነገር ወጣ፣ የሚቋጠር ክር።
ላክሁት ወደ ሩቅ፣ አንባቢው ካለበት፤
በስድስተኛው ወር፣ ተስፋ በቆረጥሁበት፣

መጣ።

አራት ፊደል፣ አራት ብቻ እየዞረ፣
መቶ ሚሊዮን ጊዜ የተደረደረ።
ሀ ሁ ሂ ሳልጨርስ ስንቴ የተመታሁ፣
አራት ፊደል ከብዶኝ ስንት ሌሊት አነጋሁ!
ዘጠኝ ጥንድ ክር ነው የእያንዳንዱ ሰነድ፤
የጣፋጩን ክር ከመራራው ሳዛምድ፣
እዚህ ጋ ይገጥማል፣ እዚያ ጋ ይለያያል፣
እዚህ አንድ ቃል ጠፍቶ እዚያ ሁለቴ ይባላል፤
ልክ እንደ አንድ ምርቃት፣ በሁለት ቤት ሲባል፣
መሃሉ እየተረሳ ዳር ዳሩ ይቀጥላል።

ጣፋጩ ብርቱካን፣ ንጹሕ የተባለው፣
በእናት ባሕረ ሎሚ፣ በአባት መንደሪን ነው፤
መንደሪኑም ቢሆን ባሕረ ሎሚ የነካው።
መራራውስ?
ከነዚሁ ሁለት ነው፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ጫካ፣
አንዲት ንብ ሳትጠራ አበባ ስትነካካ።
አንዱ ማር ተባለ፣ አንዱ አጥር ሆኖ ቀረ፣
ውሃው ግን ካንድ ጋን የተቀዳ ነበረ።
ሎሚዋም የሽማግሌው ልጅ፣ የትርንጎ፤
እናቷ የሩቅ ደሴት ዱር፣ ስሟን ማን ፈልጎ።

ይኽን በወረቀት ይዤ ስመለስ ወደ ታች፣
ኬላው ላይ ሚኒባሷ ገመድ ሥር ቆመች።
ወጣቱ ወታደር መታወቂያዬን አየ፤
«ሙሒባ አራጋው ተክሌ» ብሎ ጥቂት ቆየ።
ስሜ እንደ ዳገት ነው፣ መሃሉ ላይ ያስተነፍሳል፣
የፊተኛው ሰግዶ፣ የኋለኛው ያስቀድሳል።
«ዘርሽ ምንድን ነው?» አለ። ሣጥኑን መሰለኝ፤
«የሎሚ፣ የብርቱካን» አልሁት እንዳመጣልኝ።
ሾፌሩ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም።
«የእናትሽ?» አለ። እኔም አልመለስሁም።
ጫማው ሥር የመንደሪን ልጣጭ ወድቆ ነበር፤
ሽታው መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሳይጠይቅ ድንበር።
«እለፉ» አለ፣ ቆይቶ፣ ፊቱን አዙሮ።

አባ ሸጋው ሰሙኝ። ዝም አሉ ረጅም።
«ታዲያ ንጹሑ የቱ ነው?» «የለም።»
«አንድም?»
«ሦስት አራት ነበሩ፣ ድሮ፣ ከዱር ወዲያ፣
ያለ ሰው፣ ያለ አጥር፣ ያለ ገበያ።»

ከዘራቸውን ጥለው ቢላቸውን ሳሉ፤
«እንግዲያ ዘመድ ነው፣ ይሸከመዋል» አሉ።
ከጣፋጩ ዛፍ ላይ አንዲት ዐይን ቆርጠው፣
የመራራውን ግንድ በስሱ ሰንጥቀው፣
በፌስታል ቅዳጅ ጠምጥመው አሰሩት አጥብቀው።

«ስሙን ማን ልበለው?» ብዬ ወረቀቴን ባወጣ፣
«ተዪው» አሉኝ፣ «መጀመሪያ ቅጠል ያውጣ።»